የወይራ መህር

ታሪኩን የሚያውቁ የወሰን ሰፈር ሰዎች «የእነሱ ፍቅር የተጀመረው በናፍጣ ጭስ ውስጥ ነው» እያሉ ይስቃሉ። ቢስቁም እውነታቸውን ነው።

መብራት በፈረቃ የነበረበት ዓመት ነው። አንድ ቀን ይመጣል፣ በማግስቱ ይጠፋል። በጠፋበት ቀን ወፍጮ ቤቱ ዝም ይላል፣ ጸጉር ቤቱ ይዘጋል፣ ባለሱቁ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ሲያዛጋ ይውላል። ከመንገዱ ዳር አንዲት ቤት ብቻ ስታጉረመርም ትውላለች፤ የሀውላ ኢንተርኔት ካፌ።

ካፌ ይባል እንጂ ሻይ እንኳ አይሸጥበትም። ጀርባቸው ያበጠ አሮጌ ኮምፒውተሮች በጣውላ ተከልለው የተደረደሩበት ጠባብ ቤት ነው። ሀውላ ኮሌጅ እንደጨረሰች አባቷን ለምና፣ እናቷንም አስለምና ከፈተችው። ያኔ ሰፈርተኛው «ሴት ልጅ የማሽን ሥራ አያዛልቃትም» ብሎ ነበር። አዛለቃት። ያ ሁሉ ሰው አሁን ዱባይ ያለች የልጁን ድምፅ ለመስማት እሷ ደጃፍ ይሰለፋል። ሀውላ ይህን ስለምታውቅ ስትራመድ አንገቷ ቀጥ ይላል። በሥራ የመጣ ኩራት አይነቀፍምና እኛም አንነቅፋትም።

ለካፌው ነፍስ የሚዘራው ጄኔሬተር የአባቷ የጋሽ ሙዘይን ድርሻ ነው። ጋሽ ሙዘይን ዕድሜያቸውን የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪናዋን ሸጠው ጄኔሬተሩን ሲገዙ ፍቅራቸውንም አብረው አዛወሩት። በጨርቅ ይወለውሉታል፣ ድምፁን እያዳመጡ «ዛሬ ጉሮሮው ተይዟል» ይላሉ። ዘይቱን የሚቀይሩት ራሳቸው ናቸው፤ የተቃጠለውን ጥቁር ዘይት በሳፋ ይቀበሉና ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው ከጀርባ ባለው ወንዝ ውስጥ ይደፉታል። መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሮቹን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆዩት ባትሪዎችም ሲሞቱ እንደዚያው ነው፤ ሰንጥቀው አሲዱን ይደፉና እርሳሱን ለቆራሌው ይሸጣሉ። ሾፌር ሁሉ ሲያደርግ ያዩትን ነው ያደረጉት። «መሬት ያልዋጠው ምን አለ?» ይላሉ።

አንድ የፈረቃ ቀን፣ ከረፋዱ ላይ አንድ ወጣት ወደ ካፌው ገባ። ጫማው ጭቃ ነው፣ ሸሚዙ ግን ታጥቦ ተተኩሷል። በእጁ በጥቁር ፕላስቲክ የበቀለች ትንሽ ችግኝ ይዟል።

«ስንት ሰዓት ትፈልጋለህ?» አለችው ሀውላ ቀና ሳትል።

«የምፈልገው ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ነው» አለና ችግኟን ባንኮኒው ላይ አቆማት።

ሀውላ ቀና አለች። ችግኟ የወይራ ነች። ቅጠሎቿ ጥላሸት ለብሰዋል፣ ጫፋቸውም እንደተለበለበ ጠውልጓል።

«ታማብኛለች። ምን እንደነካት ኢንተርኔት ላይ ብናይላት ብዬ ነው።»

ሀውላ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጥ አደረገችው። ወንበር ሰጠችውና አጠገቡ ቆማ ትጽፍለት ጀመር። ኮኔክሽኑ እንደ ልማዱ ይንቀራፈፋል። የአንዲት ቅጠል ፎቶ ከላይ ጀምሮ በጠባብ በጠባቡ እየተገለጠ ሲወርድ ሁለቱም አፍጥጠው ያያሉ። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ጭሱ በመስኮቱ አልፎ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ወጣቱ ስክሪኑን ትቶ ጭሱን ሲከተል አየችው።

«ይቺ አንዲት ፎቶ እስክትከፈት ያ ውጭ ያለው አውሬ ምን ያህል ናፍጣ ጠጣ?» አላት።

ሀውላ ሥራዋን የነካባት መሰላት። «ኢንተርኔት ያለው ሰማይ ላይ ነው። ጭሱን ከእሱ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሰማይ ላይ ያለውማ ደህና ነው» አለ ወጣቱ በእርጋታ። «እኔ ያለሁት ከታች ነው።»

ስሙ ኢማድ ነው። ከአጥሯ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙ ዳር የችግኝ ቦታ አለው። «አንድ ቀን ብቅ በይ» አላት። ሀውላ ሙሉ ሰዓቱን አስከፈለችው። እሱም ሳይከራከር ከፍሎ ወጣ። ችግኟን ግን ባንኮኒው ላይ ትቷት ሄደ። ረስቷት ይሁን አውቆ፣ ሀውላ ያን ቀን ከችግኟ ጋር ስትፋጠጥ ዋለች።

በማግስቱ መብራት መጣ፤ ጄኔሬተሩም ዝም አለ። ሀውላ ካፌውን ለእናቷ ለዘይቱና አደራ ብላ ችግኟን ታቅፋ በቁልቁለቱ ወረደች። ዓለምን ሁሉ በስክሪን ያየች ልጅ ከገዛ አጥሯ ጀርባ ምን እንዳለ አይታ አታውቅም ነበር።

ቦታው ከጠበቀችው በላይ ያምራል። ጽዱ፣ ኮሶው፣ ወይራው በመደብ በመደቡ ቆሟል። ወደ ወንዙ የቀረበው መደብ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ሆኗል። ውሃው ላይ ስስ ነገር ተንሳፍፏል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙ ይለዋወጣል። ሀውላ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችውና አሸተተችው። ሽታውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የአባቷ ቱታ ሽታ ነው።

ፊቷ በሐፍረት ነደደ። «የእኛ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ» አላት ኢማድ።

«ታዲያ ትናንት ለምን በግልጽ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትጠይኝ ነበር። በዓይንሽ ብታይው ግን ራስሽ ትናገሪዋለሽ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሀውላ በደንብ ያየችው። የሚወቅስ ዓይን አልነበረውም። ለማጠጫ የሚሆነውን ውሃ ከላይ ከካራ በኩል፣ ከአጎቱ ከኦቦ በዳዳ ማሳ ሥር ካለች ምንጭ በጄሪካን ተሸክሞ እንደሚያመጣ ሲነግራት እንኳ የሚያማርር አይመስልም። ትከሻው ላይ የገመዱ ምልክት አለ። ሀውላ አየችውና ዓይኗን መለሰች፤ ተመልሳ ደግሞ አየችው።

ከዚያ በኋላ መብራት የሚመጣበት ቀን ለሀውላ ሁለት ደስታ ሆነ። አፈርና ፍግ መደባለቅ ተማረች። ኢማድም በተራው ወደ ካፌው እየመጣ ስለ አገር በቀል ዛፎች ያነባል፤ እሷ ደግሞ አጠገቡ ቆማ የሚያነበውን ሳይሆን የሚያነበውን ሰው ታያለች። ጥፍሯ ውስጥ አፈር እየገባ ስትመለስ እናቷ «የኮምፒውተር ሥራ አፈር አለው እንዴ?» ትላታለች። ዘይቱና ሴት ናት፤ መልሱን አጥታው አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ችግኞቹን ይዘው ወደ እንጦጦ ጋራ ወጡ። ኦቦ በዳዳ ሁለት አህያ አውሰዋቸዋል። ከባሕር ዛፉ በላይ ካለው ገላጣ ቦታ ላይ ኢማድ እየቆፈረ፣ ሀውላ እየተከለች ዋሉ። ዝናቡ ሲመጣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠለሉ። ከተማው ከታች በጉም ተሸፍኗል።

«እዚህ ድሮ ወይራና ጽድ ነበር ይላል አጎቴ» አለ ኢማድ። «ተመልሶ ባየው ደስ ይለኛል።»

«እስኪያድግ እኮ ታረጃለህ።»

«ብቻዬን ካላረጀሁ ምን ቸገረኝ?»

ሀውላ ፊቷን ወደ ጉሙ አዞረች። ሻሿን ስታስተካክል እጁ እጇን ነካው፣ ሁለቱም አላሸሹም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው «ሽማግሌ ልላክ?» ያላት። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለችው።

ነገር ግን ሀውላ የሚያስጨንቃት አንድ ጉዳይ ነበራት። እሷ ኢማድን ስታገባ፣ የአባቷ ዘይት ደግሞ የባሏን መደብ ሲያደርቅ እያየች ትኖራለች ማለት ነው? አንድ ከሰዓት ልቧን ሞልታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

ጋሽ ሙዘይን ተቆጡ። «ይህ ዘይት ነው ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠሽ! አሰብ መንገድ ላይ ያፈሰስኩት ቢጠራቀም ቀይ ባሕርን ያክላል፤ በረሃው ምን ሆነ?»

«አባ፣ እዚያ የሚጠጣው ሰው አልነበረም።»

«በቃ! ልጄ ዘይት እንዴት እንደሚደፋ አታስተምረኝም!»

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ሲነሳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጋሽ ሙዘይን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ነገር ስህተት ነው መባሉ ነው የከበዳቸው።

መስከረም ላይ የኢማድ ሽማግሌዎች መጡ። ኦቦ በዳዳ፣ የሰፈሩ መስጊድ ሼህና የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ተክሌ ነበሩ። ጋሽ ተክሌ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ወሰን ላይ ጋሽ ተክሌ ያልገቡበት ሽምግልና የለም። ሀውላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጣለች።

ጋሽ ሙዘይን ልጁን አይጠሉትም። ብቻ ለልጃቸው ያሰቡት ሱቅ ያለው፣ መኪና ያለው ሰው ነበር እንጂ አፈር የሚያዝል አልነበረም። ሽማግሌ ፊት ግን «ድሃ ነው» ብሎ መመለስ ክብራቸውን ይነካል። ስለዚህ ብልሃት የመሰላቸውን ዘየዱ።

«መህሩን እኔ አልቆርጥም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ባል ለሚስቱ የሚሰጠው መህር የሴቷ ነው፤ ራሷ ትናገር። እሷ የጠየቀችውን ካመጣ ልጄን ሰጥቻለሁ። ካላመጣ ደግሞ አላህ ሌላ ይስጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን አላጥፍም።»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ስትዳሪ አንገትሽን ወርቅ ሞልቶት ነው የምትወጪው» እያሉ አሳድገዋታል። የምትጠይቀው ወርቅ እንደሆነ፣ ወርቁም ልጁን ከበር እንደሚመልሰው እርግጠኛ ነበሩ።

ሀውላ ተጠራች። ሻሿን አስተካክላ ገባች፤ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሳች። አንገቷ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነው።

«ልጄ፣ መህርሽ ምንድን ነው?» አሏት ሼሁ።

«አንዲት የወይራ ችግኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኦቦ በዳዳ ጉልበታቸውን መቱ። «ከእኛ ልጅ ችግኝ ጠየቀች! ከዓሣ አጥማጅ ዓሣ!»

«አልጨረስኩም» አለች ሀውላ። «ችግኟ ከአጥራችን ጀርባ ካለው ወንዝ ብቻ የጠጣች ትሁን። ከምንጭም ከቧንቧም ጠብታ አይንካት። በዚያ ውሃ በጋውን አልፋ በሕይወት ካየኋት መህሬ ተከፈለ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንዙ ውስጥ የማን ዘይት እንዳለ የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ጋሽ ሙዘይን ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸውም አየቻቸው። ዓይኗ ውስጥ ድፍረት ነበር፣ ልመናም ነበር።

«መብቷ ነው» አሉ ሼሁ በመጨረሻ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ልጅቷ ሁለቱንም ጠየቀች።»

ጋሽ ሙዘይን «ብያለሁ፤ ቃሌ ቃሌ ነው» ብለው ተነስተው ወጡ።

በማግስቱ ሀውላ ወደ ችግኙ ቦታ ስትወርድ ኢማድ አልተነሳላትም። መደቡ ዳር ተቀምጦ አፈር በጣቱ ያደቃል።

«ባትፈልጊኝ እምቢ ማለት ትችይ ነበር» አለ። «በዚያ ውሃ ምንም እንደማይበቅል ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ፊት ለምን አዋረድሽኝ?»

ይህን አልጠበቀችም። ዕንባዋ መጣ፤ ከዕንባዋ ቀድሞ ግን ቁጣዋ መጣ።

«ወርቅ ብጠይቅህ ተበድረህ ታመጣለህ። ከዚያስ? ወርቁን አንገቴ ላይ አድርጌ መደብህ ሲደርቅ ልይ? እኔ አባቴን በምላስ ማሸነፍ አልቻልኩም። ቃላቸውን ግን አይበሉም፤ እሳቸው ቃል የገቡበት ነገር ይህ ብቻ ነው። ኢማድ፣ ከባድ ነገር የጠየቅኩህ ስለናቅኩህ አይደለም። ትችለዋለህ ብዬ ነው።»

ኢማድ የእጁን አፈር አራገፈ። ከዚያ ተነሳና ካሉት የወይራ ችግኞች ጠንካራዋን መርጦ ለብቻዋ አቆማት።

«ይቺ ነች» አለ።

ዝናቡ ቆመ፤ በጋው ገባ። ኢማድ ችግኟን ከወንዙ እየቀዳ ያጠጣታል። ውሃውን በጨርቅ ያጠልለዋል፣ በአሸዋ ያሳልፈዋል። ዘይቱን ትንሽ ያዘው፤ አሲዱን ግን አሸዋ አይዘውም። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይረግፉ ጀመር።

ወሬው ከሀውላ እናት ከዘይቱና ጆሮ ደረሰ። የእናት ነገር፣ አንድ ጠዋት ሙሉ ጄሪካን የቧንቧ ውሃ በነጠላዋ ሸፍና ቁልቁለቱን ወረደች።

«እንካ ልጄ፣ በዚህ አጠጣት። እኔና አንተ ካልተናገርን ማን ያውቃል?»

ኢማድ ጄሪካኑን ተቀበላትና ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ስለ ድካምሽ አላህ ይስጥልኝ። ግን ለልጅሽ የምሰጣት መህር ነው፤ የውሸት መህር አልሰጣትም።» ውሃውን ለሌላው መደብ አጠጣው። ዘይቱና ወደ ቤቷ ስትመለስ እያለቀሰች ነበር፤ ስትስቅም ነበር።

ጥር ላይ ችግኟ ደረቀች።

ኢማድ ይዟት ወደ ላይ ወጣ። የፈረቃ ቀን ነው፤ ካፌው ሞልቷል። ሀውላ በመስኮቱ አየችው። ጋሽ ሙዘይን ጄኔሬተሩን አስቁመው ዘይት እየቀየሩ ነበር፤ ሳፋው በጥቁር ዘይት ሞልቷል። ኢማድ ፊታቸው ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሙዘይን። መህሩ ደርቋል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ጋሽ ሙዘይን ሰላምታውን መለሱና ችግኟን ተቀበሉት። አገላብጠው አይዋት። ግንዷን በጥፍራቸው ጫር አደረጉ፤ አረንጓዴ የለም።

«ሌላ ችግኝ አልነበረህም?»

«ሞልቷል።»

«በሷ ቦታ ሌላ ተክተህ ብታመጣልኝ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እርስዎ ባያውቁም እኔ አውቃለሁ።»

«እና አሁን ተስፋ ቆረጥክ?»

«ኧረ ጋሼ! ሌላ እተክላለሁ። እሷም ከደረቀች ሌላ። ሀውላ እስከጠበቀችኝ ድረስ ችግኝ አላጣም።»

ሀውላ በመስኮቱ ሆና ትሰማለች። ከጀርባዋ ደንበኞቹ «ሀውላ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋብን» ይላሉ፤ አልሰማቻቸውም። ከወርቅ ከሐር በላይ የሆነ ሰው እንደመረጠች ያን ጊዜ ልቧ ነገራት። እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

ጋሽ ሙዘይን ጎንበስ ብለው ሳፋውን አነሱና እንደ ልማዳቸው ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ሳፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁልቁል ወንዙን፣ ከወንዙ ዳር ቡናማ የሆነውን መደብ አዩ። ያን ሁሉ ዘመን ሲደፉ አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች አይተው አያውቁም ነበር።

«ሀውላ!» ብለው ተጣሩ።

«አቤት አባ!»

«ባዶ ጄሪካን አምጪ።»

ሀውላ ጄሪካኑን ይዛ ስትሮጥ ጫማዋ ከአንድ እግሯ ወለቀ። አባትና ልጅ ዘይቱን ሲገለብጡ ኢማድ የጄሪካኑን አፍ ያዘላቸው። አንዲት ጠብታ መሬት ስትነካ ጋሽ ሙዘይን በጨርቃቸው ጠረጓት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወሰን ሁሉ ያውቀዋል። የተቃጠለው ዘይት ወደ ጋሽ ተክሌ ጋራዥ ይሄዳል፤ እሳቸውም ኮንዶሚኒየም ለሚሠሩ ሰዎች ያስተላልፉታል፤ ሲሚንቶ እንዳይጣበቅ የፎርማ ጣውላ ይቀባበታል። የሞቱት ባትሪዎችም ሳይሰነጠቁ በደህና ቦታ ተቀመጡ። ጋሽ ሙዘይን ቦቲ ጫማ አድርገው፣ አካፋ ይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ጥቁሩን ደለል እያወጡ ሲከምሩ ሰው ተሰብስቦ ያያቸዋል። «ምን እያደረጉ ነው?» ሲሏቸው፣ «የቆሸሸ መኪና አስረክቤ አላውቅም» ይላሉ።

ሀውላም ዝም አላለችም። በፈረቃ ቀን በሯ ላይ ቆማ ደንበኛዋን ትጠይቃለች፤ የፈተና ውጤት የሚያይ፣ ሥራ የሚያመለክት፣ የዘመድ ድምፅ የሚፈልግ ይገባል። ለጌምና ለወሬ የመጣውን ግን «ነገ መብራት ሲመጣ ተመለስ፤ ዛሬ የምትጫወተው በናፍጣ ነው» ትለዋለች። አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ካፌ ሄደ። ገበያዋ ሳሳ። ጄኔሬተሩ ግን ግማሽ ቀን ማረፍ ጀመረ፤ ከአጥሩ ጀርባም ጭስ ሳይሆን የወፍ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

ክረምቱ ወንዙን ጠረገው። ኢማድ ሁለተኛዋን ወይራ አቆመ። በበጋው ከወንዙ ብቻ ጠጣች። ጥር መጣ፤ ሀውላ በየቀኑ ወርዳ ቅጠሎቿን በጣቷ ትዳስሳለች። ጋሽ ሙዘይንም «ሽንቴን ልሸና ነው» እያሉ ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዱና አንገታቸውን አስግገው ያይዋታል። ጥር አለፈ። የካቲት ላይ ከአናቷ ለጋ ቅጠል አወጣች። የምሥራቹን ለሀውላ የነገሯት አባቷ ናቸው።

የጋብቻው ኒካህ በጋሽ ሙዘይን ቤት ታሰረ። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ኢማድ ነጭ ለብሶ፣ ወይራዋን ታቅፎ ገባ፤ እንደ ሕፃን ነበር የያዛት። ሀውላ ከሴቶቹ መሃል ሆና በበሩ ታየዋለች። ዓይናቸው ተገናኘ።

ሼሁ ጠየቁ፤ «መህሩ ተሟልቷል?»

ኢማድ አፉን ሲከፍት ጋሽ ሙዘይን ቀደሙት።

«ተሟልቷል ሼሃችን። ግማሹን እሱ ከፈለ፣ ግማሹን እኔ።»

የሴት አባት የልጁን መህር ከፈለ ሲባል የሰማ ማንም አልነበረም። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ሙዘይን ግን አልሳቁም። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ልክ የልጃቸውን ይመስላል። ሼሁ ፈገግ ብለው ዱዓ አደረጉ።

ወይራዋን በዚያው ክረምት እንጦጦ ላይ፣ የተጠለሉበት ቋጥኝ አጠገብ ተከሏት።

ዓመታት አለፉ። ኢንተርኔት ከካፌ ወጥቶ በየሰዉ ኪስ ገባ፤ የሀውላ ቤትም የሞባይል ጥገና ሆነ። ያረጀ ባትሪ የሚያመጣ ሰው ከሰፈሩ ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ አንድም ባትሪ ወንዝ ውስጥ አይጣልም። ጄኔሬተሩ ተሸጠ። ጋሽ ሙዘይን ሲሸኙት አለቀሱ ይባላል፤ እሳቸው «አቧራ ነው» ይላሉ።

ሴቶች ሠርግ ቤት ሲሰበሰቡ ስለ መህር ማውራታቸው አይቀርም። አንዷ የወርቅ አምባሯን ታሳያለች፣ ሌላዋ ሐብሏን። አንድ ጊዜ አዲስ ሙሽራ፣ ታሪኩን የማታውቅ፣ ወደ ሀውላ ዞራ ባዶ አንገቷን አየችና በሐዘኔታ ጠየቀቻት።

«እትዬ ሀውላ፣ የአንቺ መህር ምን ነበር?»

ሀውላ ሙሽራዋን በእጇ ይዛ ወደ ደጅ አወጣቻት። ሰማዩ ጠርቷል፤ እንጦጦ ከነጋራው ፊት ለፊት ይታያል።

«ያውልሽ» አለቻት ወደ ጋራው እያመለከተች። «የናንተ እንዳለ ነው። የእኔ ግን በየዓመቱ ያድጋል።»